«ወራጅ አለ!»፦ የአንድ የአራት ኪሎ ልጅ ጉዳይ

ናቲ እንበለው፤ ኦቲዝም፣ ማለትም ከሰው ጋር መግባባትን ከልጅነት ጀምሮ የሚያከብድ የእድገት ሁኔታ፣ ያለበት ልጅ ነው። እውነተኛ ስሙ አይደለም። ቤተሰቡን ሊያሳውቁ የሚችሉ ነገሮችም ተለውጠዋል። እናቱ ጽሑፉን አንብባ ያልወደደችውን አስወጥታለች፤ የቀረው እሷ «ይሁን» ያለችው ነው።

እኔ የልዩ ፍላጎት መምህርት ነኝ። ናቲን ያወቅኩት አምስት ዓመት ሊሞላው አካባቢ ነው። በእንግሊዝኛ እስከ መቶ ይቆጥራል። ኤቢሲዲን ከዜድ ተነስቶ ወደ ኋላ ይወርደዋል። ቀለም፣ ቅርጽ፣ የዳይኖሰር ስም፣ ሁሉንም ያውቃል፤ ያውም ካርቱን ላይ በሚሰማው የአሜሪካ አነጋገር። በአማርኛ ግን «ውሃ» ብሎ አያውቅም። ሲጠማው የእናቱን እጅ ይዞ ይጎትትና የፍሪጁ በር ላይ ያስቀምጠዋል። ፊቷን አያያትም። እጇን ብቻ ነው የሚፈልገው።

ቤተሰቡ የሚኖረው አራት ኪሎ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ የጋራ ግቢ ውስጥ ነው። እናቱ አምባሳደር አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛ ነች። አባቱ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ የጅቡቲ መስመር፤ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ የሚያድርበት ቀን ይበልጣል። ቀን ቀን ልጁን የሚይዙት አያቱ፣ የእናቱ እናት ናቸው።

ከኔ በፊት የሆነው ብዙ ወላጅ የሚያውቀው ነው። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው «ማማ»፣ «እንካ» የሚሉ ቃላት ነበሩት። ሁለት ዓመት አካባቢ ጠፉ። ሲጠሩት አይዞርም፣ የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ግን ከሌላ ክፍል ይሰማል። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ተባለ። «አባቱም አፉን የፈታው በአራት ዓመቱ ነው» ተባለ። እናቱ በመጀመሪያ ጆሮውን አስመረመረችው። ጎበዝ፣ ልክ ነች፤ ቃል ያልጀመረ ልጅ ሁሉ አስቀድሞ ጆሮው መታየት አለበት። ጆሮው ደህና ሆነ። ከዚያ ሪፈር፣ ቀጠሮ፣ ሌላ ቀጠሮ። የልጆች የሥነ አእምሮ ሐኪም በአገሪቱ በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ወረፋው አይገርምም። በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ «ኦቲዝም» ተብሎ ተጻፈ።

ወረቀቱ ቤት እንደገባ ቤተሰቡ ሁሉ መንስኤ ፍለጋ ገባ። አያቱ «ከመንፈስ ነው» አሉ። አጎቱ ቲክቶክ ላይ አይቶ «ክትባት ነው» አለ። የአባቱ እህቶች «ስልክ ነው፤ እናቱ ሥራ ሥራ ስትል ስልክ አሳደገው» አሉ። አባቱ ምንም አላለም። ለእናቱ ከሁሉም የከበዳት የእሱ ዝምታ ነበር።

የክትባቱን ባጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም ያለቀ ነገር ነው። ወሬው የተነሳው በ1998 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) በ12 ልጆች ላይ ከተጻፈ አንድ የእንግሊዝ ጽሑፍ ነው፤ ያሳተመው መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል፣ ዋናው ጸሐፊም የሕክምና ፈቃዱን ተነጥቋል። በ2019 ዴንማርክ ውስጥ 657,461 ልጆች ተጠንተው በኩፍኝ ክትባትና በኦቲዝም መካከል ግንኙነት አልተገኘም።

እናትን መውቀሱ ደግሞ ከክትባቱም የቆየ ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ምሁራኑ ራሳቸው ኦቲዝምን የሚያመጣው የእናት ፍቅር መቀዝቀዝ ነው ይሉ ነበር፤ እናቶቹን «ፍሪጅ» እስከ ማለት ደርሰው ነበር። በ1964 ይህን በመረጃ የተቃወመው በርናርድ ሪምላንድ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው፤ ልጁ ኦቲስቲክ ነበር። በ1977 እንግሊዝ ውስጥ 21 ጥንድ መንትዮች ተጠንተው ነገሩ በዘር የሚወርድ መሆኑ ታየ። በ2019 ደግሞ በአምስት አገሮች የሚገኙ 2 ሚሊዮን ልጆችን ያካተተ ጥናት በኦቲዝም ረገድ በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት 80 በመቶ ያህሉ ከዘረ መል የሚመጣ እንደሆነ ገመተ። ይህን ሁሉ ለናቲ አክስቶች ነግሬያቸዋለሁ። «እሺ፣ ግን ስልኩስ?» አሉኝ።

በነገራችን ላይ ይሄ የአንድ ግቢ ጠባይ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች ወደ ልጆች የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ያመጡ 102 አሳዳጊዎች ተጠይቀው ነበር፤ ጥናቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሰዎቹ የወሊድ ችግርንና የጭንቅላት ጉዳትን ከመንፈስና ከኃጢአት ጋር አብረው ይጠቅሳሉ። 45.1 በመቶዎቹ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። «ምን ጎደላችሁ?» ሲባሉ ደግሞ 74.5 በመቶው የመለሱት የልጁን ትምህርት ነው። እኔ ይህን ቁጥር ሳይ የናቲ እናት ትታየኛለች። እሷም የጠየቀችኝ «የት ይማርልኛል?» ነበር። የሚጠይቃት ሰው ሁሉ ግን «ከምን መጣበት?» ነው የሚላት።

ወደ ስልኩ ልመለስ፤ ጉዳዩ ያለው እዚያ ነው።

አክስቶቹ አሸነፉ። ስልኩ ተነጠቀ። ቴሌቪዥኑም ተሸፈነ። ዘመድ ሁሉ «አሁን አማርኛ ይለምዳል» ብሎ ጠበቀ። አልለመደም። ቁጥሩም እየቀነሰ፣ የዳይኖሰሮቹም ስም እየጠፋ መጣ። እጁን መንከስ ጀመረ። ሌሊት ተነስቶ በጨለማ ቆሞ ያለቅሳል። ተልኮበት የነበረው አጸደ ሕፃናትም በዚያው ሰሞን «እኛ አንችለውም» ብሎ መለሰው። ቤተሰቡ ይህን ሁሉ የሱስ መውጫ ነው ብሎ ታገሰ።

ስክሪን ብዙ ሰዓት ማየት ለትንሽ ልጅ ጥሩ ነው አላልኩም፤ ቋንቋ ከማዘግየት ጋር የሚያያይዙት ጥናቶች አሉ። ግን ለኦቲስቲክ ልጅ ጉዳዩ አንድ ተጨማሪ መልክ አለው። በ2019 ስለ ቱኒዚያ ልጆች የወጣ አንድ ጥናት አለ። ቱኒዚያ ውስጥ በየቤቱ የሚነገረው የአካባቢው ዐረብኛ ነው፣ የመጽሐፉ ዐረብኛ የሚሰማው ካርቱንና ዜና ላይ ነው። አንዳንድ ኦቲስቲክ ልጆች ታዲያ ማንም ቤት ውስጥ የማይናገረውን የካርቱኑን ዐረብኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ የእናታቸውን አነጋገር ትተው። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ያላየ የልዩ ፍላጎት መምህር ያለ አይመስለኝም። የሰው ንግግር ሁልጊዜ ይለዋወጣል፤ አንዴ በቁጣ፣ አንዴ በሳቅ፣ አንዴ ከኩሽና ተጮኾ። ቪዲዮ ግን ሺህ ጊዜ ቢከፈት ያው ድምፅ፣ ያው ቃል ነው። ናቲ የያዘው የማይለዋወጠውን ነው። ስልኩ ሲነጠቅ የተነጠቀው ያለውን ቋንቋ ነበር።

ይህን ለእናቱ ስነግራት ወዲያው አልተቀበለችኝም። «ታዲያ እሱ መቼ ያወራል፤ የሰማውን ነው የሚደግመው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ይደግማል። ሊዮ ካነር በ1943 ስለ 11 ልጆች የመጀመሪያውን ታዋቂ ጽሑፍ ሲጽፍም ይህን መደጋገም መዝግቧል። «አንተ» እና «እኔ» መገላበጣቸውንም። ናቲ ጋ ይሄ በግሱ መጨረሻ ላይ ይወጣል፦ ኳሱን ሲፈልግ «ትፈልጋለህ» ይላል፣ እናቱ ስትጠይቀው የምትለው እሱ ስለሆነ። ለብዙ ዓመታት መደጋገም ትርጉም የሌለው፣ መጥፋት ያለበት ጠባይ ተደርጎ ሲቆጠር ኖረ። በ1981 ግን ፕሪዛንትና ዱካን የሚባሉ ተመራማሪዎች አራት ልጆችን በቪዲዮ ቀርጸው፣ ከመደጋገሙ በፊትና በኋላ የሆነውን ቆጥረው ሰባት ዓይነት ጥቅም አገኙበት። ልጆቹ በመደጋገም ይጠይቃሉ፣ «አዎ» ይላሉ፣ ተራቸውን ይጠብቃሉ፣ ራሳቸውን ያረጋጋሉ።

ለእናቱ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት። የሚለውን ጻፊው። ከዚያ በፊት ምን እንደነበረና ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነም አብረሽ ጻፊ። የሂሳብ ሰው ነች፤ ሦስት ዓምድ ያለው መዝገብ ስታሰምር አላየኋትም፣ በማግስቱ አስምራ መጣች።

መዝገቡ ውስጥ ቶሎ ጎልቶ የወጣው «ወራጅ አለ» ነው። ቤተሰቡ ይህን ቃል ያውቀው ነበር፤ መሳቂያ ነበር። «ልጁ ወያላ ሊሆን ነው» ይላል አጎቱ። ናቲ ታክሲ ይወዳል። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ፣ ከአራት ኪሎ መገናኛ፣ የትም ይሁን፤ መስኮት ዳር ከተቀመጠ ዝም ነው። በየፌርማታው የሚሰማው ደግሞ ያው ቃል ነው። እስቲ መዝገቡን ከነአጻጻፉ ልጥቀስ («እማዬ» የምትላቸው እናቷን፣ የናቲን አያት ነው)፦

«ቅዳሜ፣ ሰርግ ድንኳን። ስፒከሩ ሲከፈት። ወራጅ አለ። ይዤው ወጣሁ፣ ዝም አለ።»

«ማክሰኞ፣ ፀጉር ቤት። ማሽኑ ሲነሳ። ወራጅ አለ፣ ወራጅ አለ። አልወጣንም። እጁን ነከሰ።»

«ሐሙስ፣ እራት። እማዬ ሽሮ ሲያጎርሱት። ወራጅ አለ። ጎረሰ። ተፋው።»

«እሁድ፣ ቤተ ክርስቲያን። ከበሮ ሲጀመር። ወራጅ አለ። እማዬ አፉን ያዙት።»

እናቱ ይህን ገጽ ይዛ ስትመጣ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው «ወራጅ አለ» ሲል መኪናው ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሰውየው ይወጣል። ልጁ ይህን አይቷል፤ «ይብቃኝ፣ አውጡኝ» የሚልበት ቃል አድርጎታል። በአማርኛ ነው። በቦታው ነው። ሁላችንም እየሳቅን ስንሰማው ነበር። «ጌም ኦቨር» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ እንጀራው ሲያልቅ፣ የመታጠቢያው ውሃ ሲቆም፣ አባቱ ቦርሳውን ይዞ ሲወጣ።

እዚህ ላይ የኔ አስተያየት፦ ልጁን የፈታው የሐኪሙ ወረቀት አይደለም፣ እኔም አይደለሁም። ከእሱ ጋር ውሎ የሚያድር ሰው ያየውን ስለጻፈ ነው። በኦቲዝም ታሪክ ውስጥም ይሄ አዲስ አይደለም። ሪምላንድን ጠቅሻለሁ። ኦቲዝምን እንደ ስፔክትረም፣ ማለትም ከልጅ ልጅ መልኩና ክብደቱ እንደሚለያይ ሰፊ ሁኔታ፣ እንድናየው ያደረገችው እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሎርና ዊንግም የኦቲስቲክ ልጅ እናት ነበረች። እኛ ጋም ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በ2002 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ራሳቸው የኦቲስቲክ ልጅ እናት ነበሩ፤ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም የተመሠረተው በወላጆች ነው። መንገዱን ብዙ ጊዜ የጀመሩት የቸገራቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሠራነው ቀላል ነው። «ወራጅ አለ» ሲል ወዲያው ይወጣል፤ ማንም አይስቅም፣ ማንም «ትንሽ ቆይ» አይልም። ቃሉ እንደሚሠራ ሲያውቅ ንክሻው ቀነሰ። ቀስ እያልንም እየወጣ እያለ «ይብቃኝ» የሚለውን ከጎኑ አስገባን፤ የታክሲውን ቃል የማያውቅ መምህር ቢገጥመውስ? የራሱን ኩባያ፣ የራሱን ጫማ፣ የሽንት ቤቱን በር ፎቶ አንስተን አሳተምንና ካርድ አደረግናቸው። ካርድ እየሰጡ መጠየቅን እንደ ሥርዓት የቀረጹት ቦንዲና ፍሮስት በ1985 አሜሪካ ውስጥ ነው፤ እኛ ያደረግነው የድሃ ዘመዱን ነው። አያቱ «ካርድ ከለመደ አፉን አይፈታም» ብለው ፈሩ። ፍርሃታቸው የብዙ ወላጅ ፍርሃት ነው፣ ግን የተሰበሰቡት ጥናቶች ካርድ ንግግርን እንደሚያስቀር አያሳዩም፤ ብዙ ልጆች እንዲያውም ይጨምራሉ።

ስልኩም ተመለሰ። ሰዓት ተወስኖለት፣ አንድ ሰው ከጎኑ ተቀምጦ። ትልቁ ነገር ግን የመጣው ከአባትየው ነው። ናቲ የሚይዘው የማይለዋወጥ ድምፅ ከሆነ፣ ድምፁን እኛው ለምን አንሠራውም አልን። አባቱ አዋሽ ላይ መኪናውን አቁሞ ራሱን ቀረጸ። የውሃ ላስቲኩን ያሳያል፣ «ውሃ ስጡኝ» ይላል፣ ይጠጣል። አለቀ። ቪዲዮው በቴሌግራም መጣ። ያ ወረቀቱ ቤት ሲገባ ምንም ያላለው ሰው አሁን ከሚሌ «እንጀራ ጨምሩልኝ»፣ ከጋላፊ «ደክሞኛል፣ ልተኛ» እያለ ይልካል። ናቲ «ውሃ ስጡኝ» ያለው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ መዝገቡ ላይ አለ፣ እናቱ ግን አትጻፊው ብላኛለች፤ ሌላ ወላጅ ቀን እንዳይቆጥርበት። ያለው በአባቱ ድምፅ ነው። መጨረሻው ላይ የመኪናውን ሞተር «ጥርርርር» ጨምሮ። አሁንም ያለ ጥርርርር ውሃ አይጠይቅም።

እናቱ በመሃል የወላጆች ሥልጠና ገብታ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ፕሮግራም ከሁለት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላሉ ልጆች ቤተሰቦች የሚሆን ነው፤ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለአገሩ እንዲስማማ ተደርጎ የተሞከረውም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ባሉበት ነው። ጥሩነቱ፣ ስፔሻሊስት ያልሆነ ሰው ሠልጥኖ ሊያስተምረው መቻሉ ነው። የሚያስተምረውም የሚሠራ ነገር ነው፦ ዝቅ ብለሽ ከልጁ ፊት ተቀመጪ፣ እሱ የያዘውን ጨዋታ ተከተዪ፣ ልብስ ማጠብና ቡና ማፍላት ውስጥ አስገቢው። ግን ዘጠኝ ስብሰባ ማለት ከአለቃ ዘጠኝ ፈቃድ ማለት ነው። ደግሞም ልጁን ሙሉ ቀን የሚይዙት አያት ማንም «ይምጡ» አላላቸውም። እናቱ ማታ ማታ የተማረችውን ለእማዬ እያስተማረች ነበር። ፕሮግራም የሚያወጡ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት እላለሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ የሚያሳድገው አያት ነው፣ ሞግዚት ነች።

ስለ ጠበሉ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ልናገር። አያቱ እንጦጦ ይዘውት ይወጡ ነበር። ድንገት የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጩኸት፣ ግፊያ፤ ናቲ ከዚያ ሲመለስ ሁለት ቀን አይበላም። እኔ «ይቅር» ብዬ አላውቅም፣ የእሳቸው እምነት ነው፣ ልጁንም የሚወዱበት መንገድ ነው። መዝገቡን ግን እናቱ አነበበችላቸው። እሳቸውም ሄደው አጥማቂውን አማከሩ። «እማማ፣ ከፈራ አይጠመቅ፣ ይጠጣው» አሏቸው። አሁን በጀሪካን ይመጣል፣ በራሱ ኩባያ ይጠጣል። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ያልተስተካከለው ብዙ ነው። እንቅልፉ አሁንም ችግር ነው። ፀጉሩን የሚቆረጠው ተኝቶ ነው፣ በመቀስ። የአራት ኪሎው የኮሪደር ሥራ የታክሲ መያዣቸውን ያዛወረው ጊዜ መንገድ ላይ ተኝቶ ጮኸ፤ አንዲት ሴትዮም ቆማ «ሥርዓት አስተምሪው» አለቻት። እናቱ ከዚያ ወዲህ የአዲሱን መንገድ ፎቶ ማታ ታሳየዋለች፣ ጠዋት ይሄዳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

ሌላም ልበል፣ ይህን ያነበበ ሁሉ ነገ ቪዲዮ ቀርጾ ቃል እንዳይጠብቅ። ከኦቲስቲክ ልጆች 30 በመቶ ያህሉ አይናገሩም ወይም በጣም ጥቂት ቃል ብቻ ነው የሚኖራቸው። ለእነሱ ካርዱ፣ ምልክቱ፣ ታብሌቱ ራሱ ንግግራቸው ነው። ናቲ አንድ ልጅ ነው፤ ሌላ ወላጅ ከእሱ የሚወስደው ነገር ቢኖር መዝገቡ እንጂ ቪዲዮው አይመስለኝም።

አሁን ስድስት አልፎታል፣ ጥያቄውም ያው ትምህርት ቤት ነው። የግል ትምህርት ቤቶቹ አንዳንዶቹ በስልክ ነው የመለሱን። አንዷ ርዕሰ መምህርት ግን እናቱን ተቀብላ፣ መዝገቡን ገልጣ አየችውና «ይሄ ወራጅ አለ የሚለው ክፍል ውስጥ ሲመጣ በሩ ይከፈትለት ነው የምትሉኝ?» አለች። «አዎ» አልን። «ኮሪደሩ ላይ ወንበር አደርጋለሁ» አለች። ለመስከረም ግማሽ ቀን ልትወስደው ተስማምታለች፤ ረዳት መምህር ግን ወላጅ ይቅጠር ብላለች። የረዳቷ ደሞዝ ከእናቱ ደሞዝ ብዙም አይርቅም። ትምህርት ቤቱ ግማሹን ይሸፍን ብለን ደብዳቤ አስገብተናል፤ እስካሁን መልስ አልመጣም።